የወንጌል ጸሐፊዎች ስለሚስማሙበትና ስለሚለያዩበት ነገር

አንባቢ ሆይ፤ ክርስቲያን ደንበኛህ በሱቅህ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ስለ ነቢዩ ዒሳ (ዐለይሂ ሰላም) ጨዋታ ቢነሣ፥ «መጽሐፋችሁ እርስ በርሱ ይጋጫል» ለማለት አትቸኩል። ልዩነቱ የት እንደ ሆነ ሳያውቅ የሚከራከር ሰው ሚዛን ሳይዝ ቡና እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው።

ክርስቲያኖች የሚቀበሏቸው ወንጌሎች አራት ናቸው። የማቴዎስ፥ የማርቆስና የሉቃስ በነገሩ ቅደም ተከተል፥ ብዙ ጊዜም በቃሉ ሳይቀር ይመሳሰላሉ፤ ማርቆስ ከጻፈው ከ10 እጅ 9 ያህሉ በማቴዎስም ይገኛል። ስለዚህ ከመርማሪዎቹ ብዙዎቹ ማቴዎስና ሉቃስ የማርቆስን ጽሑፍ ይዘው ጻፉ ይላሉ። ዮሐንስ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ዒሳ ሻጮችንና ገንዘብ ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ ያስወጡበትን ነገር ሦስቱ በመጨረሻው ሳምንት ሲያኖሩት፥ እርሱ በ2ኛው ምዕራፍ ይተርከዋል። (ለነጋዴ በዚህ ታሪክ ብዙ ትምህርት አለ፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።) የመጨረሻውም እራት በሦስቱ ዘንድ የፋሲካ እራት ነው፤ በዮሐንስ ዘንድ ከፋሲካ በፊት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው የትውልዱ ቈጠራ ነው። ማቴዎስ ከኢብራሂም ጀምሮ ይወርዳል፤ ሉቃስ እስከ አደም ይወጣል። ከዳውድ በኋላ አንዱ በሱለይማን፥ ሁለተኛው በናታን በኩል ይቈጥራል። የመርየም እጮኛ የዮሴፍ አባት በማቴዎስ ያዕቆብ፥ በሉቃስ ኤሊ ይባላል። ሆኖም ሁለቱም መርየም በድንግልና እንደ ፀነሰች ይናገራሉ፤ በዚህስ ከእኛ ጋር ይስማማሉ።

ታላቁ ሊቅ አል-ቢሩኒ በ390 ዓመተ ሒጅራ ገደማ ስለ ሕዝቦች የዘመን አቈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ሁለቱን ቈጠራዎች ካኖረ በኋላ የክርስቲያኖቹን መልስም ጨመረ። በተውራት ሕግ ሰው ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ዘር ያቆምለታል፤ ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ የሥጋውን አባት፥ ሌላው የሕጉን አባት ቈጠረ ይላሉ። ለእኔ መልሱ ሁሉን የሚፈታ አይመስለኝም። ነገር ግን የባለጉዳዩን ቃል ሳይሰማ መፍረድ ለቃዲም አልተፈቀደም።

ደግሞም ልዩነቱን እኛ ያገኘነው ምሥጢር አታድርገው። አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት አራቱን ወንጌሎች በ10 ሰንጠረዥ አስተያይቶ፥ አራቱም የተባበሩበትን በመጀመሪያው፥ እያንዳንዱ ብቻውን የተናገረውን በመጨረሻው አሰፈረ። ይህ ሰንጠረዥ በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት ጥንታዊ የግዕዝ ወንጌሎች መግቢያ ላይ ተሥሏል። ስለዚህ የያዕቆብንና የኤሊን ነገር የተማረ ቄስ ብትጠይቅ አይደነግጥም፤ ምዕራፉን ገልጦ ያሳይህ ይሆናል።