የመታፈን ስሜትና ራስን መሳት፦ ምክንያታቸው ምን ሊሆን ይችላል?

ኮቪድ-19 በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይጠራጠር የነበረው ይህንኑ በሽታ ነበር። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። ሆኖም እንደ ፓዌ ሙቀት በሚበረታበትና ወባ ባልጠፋበት ቆላማ አካባቢ ለመታፈን ስሜትም ሆነ ራስን ለመሳት ሌሎች ምክንያቶች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከኮቪድ ባልተናነሰ ፈጣን ሕክምና ይሻሉ።

ቫይረሱ ሳምባን ሲጎዳ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በፈሳሽ ይሞላሉ። የትንፋሽ ማጠሩ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ሕመሙ ከጀመረ ከሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ «ተሽሎኛል» ያለ ሕመምተኛም ክትትል ያስፈልገዋል። አርፎ ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ አዋቂ፣ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን በማፍረስ ደም ማነስን ያስከትላል። ደም ያነሰው ሰው ጥቂት ሲራመድ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ከተቀመጠበት ሲነሣም ዓይኑ ይጨልማል። ሲጠና ደግሞ፣ በተለይ በሕፃናትና በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ፣ የደም ስኳርን ዝቅ አድርጎ ራስን ያስታል። በመሆኑም «ኮሮና ነው ይሉኛል» በሚል ፍርሃት ትኩሳትን ይዞ ቤት መደበቅ እጅግ አደገኛ ነው፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ለሞት እስከማድረስ ሊጠና ይችላል። በደም ምርመራ ወባ መገኘቱም ኮቪድ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ሁለቱ አብረው ሊይዙ ይችላሉና።

በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ውኃ ሳይጠጡ በእርሻ መዋል፣ የማእድ ቤት ጭስ የሚቀሰቅሰው አስም፣ የልብ ሕመም፣ በጉሮሮ የተሰነቀረ ምግብም ከምክንያቶቹ ይቆጠራሉ። በላብ የራሰ ጭምብል ትንፋሽን ስለሚያከብድ በደረቅ መለወጥ ይገባል። ጭንቀትም ትንፋሽን ያፈጥናል፤ ጣትን ይነዝራል፤ ከንፈርን ያደነዝዛል። ነገር ግን «ጭንቀት ነው» የሚለው ድምዳሜ ሌሎቹ ምክንያቶች በባለሙያ ከተጣሩ በኋላ የሚደረስበት ነው።

ራሱን የሳተ ሰው ሲያጋጥምዎ ጭምብልዎን ያድርጉ፤ የተሰበሰበውን ሰው ገለል አድርገው በጥላ ሥር በጀርባው ያስተኙት፤ እግሮቹን ከፍ፣ ልብሱን ላላ ያድርጉለት። የክብሪት ጭስ ማሽተት የቆየ ልማድ ቢሆንም ትንፋሽን ከማወክ በቀር የሚፈይደው የለም። ሳይነቃ ውኃ በአፉ ማፍሰስም ሊያንቀው ይችላል። ተራ ራስን መሳት ከሆነ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይነቃል። ካልነቃ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ትኩሳት ካለው ግን በአፋጣኝ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ኮቪድን ከተጠራጠሩ አስቀድመው በነፃ የስልክ መስመር 8335 ያሳውቁ።