ማብላያው ጉድጓድና የወንድማችን ሕይወት



አረንጓዴ ሥራ የምንለው መሬትን፣ ደንን፣ ውኃንና አየርን የሚጠብቅ ሥራን ነው። ይኸውም ችግኝ ማፍላት፣ እርከን መሥራት፣ የፀሐይ ኃይል መትከልና ይህን የመሰለ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ለምድር መልካም ስለ ሆነ ብቻ ለሠራተኛው ከአደጋ የራቀ ነው ማለት አይደለም። ይህን በዛሬው ጥናታችን ከባዮጋዝ ሥራ እንመለከታለን።

በአገራችን ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች ከከብት እበት የማብሰያ እሳትና መብራት አግኝተዋል። እናቶች ከጢስ፣ ዛፎችም ከመጥረቢያ ዐርፈዋል። ስለዚህ እኛም ሥራውን በደስታ ይዘነዋል።

ከዓመታት በፊት ግን በአንድ መንደር አንድ ማብላያ ደለል ስለ ሞላው ይጠረግ ተባለ። ዝቃጩ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ግንበኛው በመሰላል ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። ወንድሙ ሊከተለው ሲሮጥ አንድ አባት «ያዙት! እንዳይገባ!» ብለው ጮኹ። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ፤ ግንበኛውንም ገመድ ሳያስር አይወርድም ብለው ያስገደዱት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ገመድ ጎትተው አወጡት፤ ነፍሱም ተረፈች። እኛ ግን አፈርን። ሲሚንቶ ማቡካትንና ጉልላት መደምደምን ስናስተምር ስለ እስትንፋስ አንድ ቃል አልተናገርንምና።

ምክንያቱ ምን ነበር? ባዮጋዝ አብዛኛው ሚቴን ነው፤ ቀሪው በብዛት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እነዚህ ጋዞች በጉድጓዱ ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛሉ። በመጠኑ አነስተኛ የሆነው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ መርዝ ነው። ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ጉድጓዱ ባዶ ቢመስልም የቀረው ዝቃጭ ሲነካ ጋዝ ይለቃል።

እንግዲህ እነዚህን እንያዝ፦

1. እበት ወደ ገባበት ማብላያ ማንም አይግባ። ጠረጋው ከውጭ በረጅም እጀታ መሣሪያ ይሠራ። መግባት ግድ ከሆነ የሠለጠነ ባለሙያ ይምጣ፤ ንጹሕ አየር ይነፋ፤ አየሩም በመሣሪያ ይለካ። ኦክሲጅኑ ከመቶ 19.5 በታች ከሆነ አይገባም፤ ይህ ቢሟላም መርዙና ተቀጣጣዩ ጋዝ መለካት አለባቸው።

2. ሻማ ወይም ኩራዝ አውርዶ መሞከር ክልክል ነው። ሚቴን በአየር ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 15 ሲሆን ይፈነዳልና። ሲጋራም በአጠገቡ አይጨስ።

3. የሚገባው ሰው በገመድ ይታሰር፤ ጠባቂዎችም ከላይ ይቁሙ። ቢወድቅ ከውጭ ይጎተት እንጂ ማንም አይከተለው። በእንዲህ ያለ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሊያድን የገባው ነው።

4. የመግቢያውና የማውጫው ጉድጓድ ሁልጊዜ ይከደን፤ ልጆች ይወድቃሉና።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ሕጉ የወደቀውን «ለምን አልተጠነቀቅህም?» አላለም፤ ቤቱን የሠራውን ጠየቀ እንጂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል።

ስለዚህ በበጀታችን ከሲሚንቶው ጎን የገመዱ፣ የጓንቱ፣ የመለኪያውና የሥልጠናው ቀን ወጪ ይጻፍ። እናንተም ደጋፊዎቻችን «ስንት ማብላያ ተሠራ?» ብላችሁ ስትጠይቁን «ሠሪዎቹስ በደኅና ወደ ቤታቸው ገቡ?» ብላችሁ ጨምሩልን።

ለውይይት፦ በአካባቢያችን ባለው ሥራ መከታ ያልተደረገለት የትኛው ነው? መከታውን የሚሠራውስ ማን ነው? መቼ?