የትዕማር ዝምታ፦ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትና ጉዳቱ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 13 የተጻፈውን የትዕማርን ታሪክ በዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ አንሰብከውም። የደፈራት ባዕድ ሳይሆን በአባቷ ወንድሟ የሆነው አምኖን ነበር፤ ያገኛትም ታምሜአለሁ ብሎ በማታለል ነው። አቤሴሎም ዝም እንድትል መከራት። ንጉሡ ዳዊትም ተቆጣ፤ ፍርድ ግን አልሰጠም። ትዕማር በሐዘን ተቀመጠች።

በእኛም ዘመን ሕፃናትን የሚያጠቃው ብዙውን ጊዜ የሚያውቁትና የሚያምኑት ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ መምህር፣ አንዳንዴም በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው። ስጦታ ይሰጣል፤ ምስጢር ያስጠብቃል፤ ያስፈራራል። ሕፃኑ የሚያምነኝ የለም ብሎ ይፈራል፤ ጥፋቱንም የራሱ ያደርገዋል። ስለዚህ ዘግይቶ መናገሩ ሐሰተኛ አያሰኘውም።

ጉዳቱ በአካል ላይ ምልክት ላይተው ይችላል። ቅዠት፣ ከለመደው በኋላ አልጋ ላይ መሽናት፣ ከትምህርት መስነፍ፣ ከሰው መሸሽ፣ አንድን ሰው አጥብቆ መፍራት ይታያሉ። እነዚህ ሌላ ምክንያትም ሊኖራቸው ስለሚችል በፍርድ ሳይሆን በጥንቃቄ እንመልከታቸው። ሳይታከም የቀረ ቁስል ግን እስከ ጉልምስና ይዘልቃል፤ ሰውን ማመን ያቅታል፤ የጥቃቱ አድራሽ የአባትነት ስም ያለው እንደሆነ ጸሎት እንኳ ይከብዳል።

ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ በካሳ ይታረቃል። ይህ የቤተሰብን ስም ይጠብቅ ይሆናል፤ ሕፃኑን ግን ከአጥቂው ጋር በአንድ መንደር ያስቀረዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627፣ 13 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን የደፈረ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። በወንጀል ላይ እርቅ ፍርድን አይተካም። ንስሐም ከፍርድ መሸሸጊያ አይደለም።

እንግዲህ ሕፃን ሲነግረን በእርጋታ እንስማው፤ አምነንሃል፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም እንበለው፤ ደጋግመን አንመርምረው፤ ስሙን አናውጣ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ሳንዘገይ ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው፤ ለፖሊስም እናመልክት።

ለሰበካ ጉባኤ መወያያ፦
1. በአጥቢያችን ሕፃን ቢበደል ማንን ያምናል? ለማንስ ይነግራል?
2. በሰንበት ትምህርት ቤትና በአብነት ትምህርት ቤት ልጆቻችን ከአዋቂ ጋር ብቻቸውን የሚሆኑት መቼ ነው?
3. ተከሳሹ የእኛው አገልጋይ ቢሆን እንደ ዳዊት ተቆጥተን ዝም እንላለን ወይስ ለፍርድ እናቀርበዋለን?