ምዕራፍ ስምንት፦ ስፐርም ከመለገስህ በፊት

ደም የለገሰ ሰው ክንዱን አጥፎ፣ ብስኩቱን በልቶ ይወጣል። ደሙ የት እንደደረሰ የሚጠይቀው የለም። ስፐርም መለገስንም እንዲሁ የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ ተሳስተዋል። ደም ሄዶ ይቀራል፤ ልጅ ግን አድጎ ይመጣል።

እንግሊዝን ምሳሌ ላድርግ፤ ሕጉ ግልጽ ነው፣ ወገኖቻችንም እዚያ ይኖራሉ። ከሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈቃድ ባለው ክሊኒክ የለገሰ ሰው ማንነቱ ለዘለዓለም ተሰውሮ አይቀርም። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የለጋሹን ስም፣ የትውልድ ቀንና መጨረሻ የታወቀ አድራሻ መጠየቅ ይችላል። ስዊድን ለልጆቹ ተመሳሳይ መብት የሰጠችው በ1985 ነበር። ሕጉ ዝም ባለበት አገርም ቢሆን፣ ምራቅ በፖስታ ተልኮ ዘመድ የሚፈለግበት የዲኤንኤ ምርመራ አለ። አንተ ባትመረመር እንኳ የአጎትህ ልጅ መመርመሩ ይበቃል። "ማን ያውቃል?" ብለህ የምትገባበት ከሆነ አትግባበት።

ቀጥሎ ቁጥሩን አስብ። በእንግሊዝ የአንድ ሰው ልገሳ ከ10 ቤተሰብ በላይ አይዳረስም። ልብ በል፣ 10 ልጅ አላልኩም፤ አንዱ ቤተሰብ ሁለትና ሦስት ሊወልድ ይችላል። ዘሩ ወደ ውጭ ከተላከ ደግሞ ይህ ገደብ እዚያ አይሠራም። በ2023 የሄግ ፍርድ ቤት ቢያንስ 550 ልጆች የተወለዱለትን አንድ ሆላንዳዊ ከእንግዲህ እንዳይለግስ ከልክሎታል። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ሕዝብ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። እንግሊዞቹ ሰባት ቤት ባይቆጥሩም ስጋቱ ገብቷቸዋል፤ በልገሳ የተወለደ ሰው ከ16 ዓመቱ ጀምሮ፣ ከወደዳት ልጅ ጋር በለጋሹ በኩል ይዛመድ እንደሆነ፣ እሷም ከተስማማች፣ ከመንግሥት መዝገብ ማጣራት ይችላል።

በክሊኒክ በኩል ከለገስህ በሕግ አባት አይደለህም፤ ቀለብ አትቆርጥም፣ ልጁም አይወርስህም። አደጋው ያለው "ለጓደኛዬ ውለታ ልዋል" ተብሎ ቤት ውስጥ በሚደረገው ነው። ሴቲቱ ባል ወይም በሕግ የታወቀ አጋር ከሌላት፣ ሕጉ አባቱ አንተ ነህ ሊልህ ይችላል። በመካከላችሁ የተፈራረማችሁት ወረቀት አያድንህም።

ምርመራው ረጅም ነው፦ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ፣ ቂጥኝ፣ በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች። ዘሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቆያል፤ ቅዝቃዜውን ስለማይቋቋምላቸው ብቻ የሚመለሱ ጤነኛ ወንዶች ብዙ ናቸው። ስለራስህ ያላወቅኸውን በሽታ ወይም መካንነት ልትሰማ ትችላለህና ተዘጋጅ። ክፍያው? በአንድ ጉብኝት ቢበዛ 45 ፓውንድ። ለገንዘብ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልግ።

ለሚስትህ ሳትነግር እንዳትጀምር። ገና ካላገባህም፣ ወደፊት የምትወልዳቸው ልጆች የማያውቋቸው ወንድሞችና እህቶች እንደሚኖሯቸው አስብ። የንስሐ አባትህን ወይም ሼህህን ማማከር ካለብህም ቀጠሮ ከመያዝህ በፊት ይሁን።

ሐሳብህን ከቀየርህ፣ ዘርህ ወይም ከእሱ የተገኘው ጽንስ ለሕክምና እስካልዋለ ድረስ በጽሑፍ አመልክተህ ፈቃድህን ማንሳት ትችላለህ። ከዚያ በኋላ አይቻልም።