መምህርና ተማሪ በትምህርት ቤት ቦርድ፦ የውክልና ትርጉምና የሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት

የጥናት ትምህርት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት

መግቢያ

በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍላተ ከተማ የሚገኙ አጥቢያዎቻችን ከትምህርት ቤት ጋር በሁለት መንገድ ይገናኛሉ። አንደኛው፣ የምእመናን ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለሚማሩ፣ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት እንደማንኛውም ወላጅ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ሊመረጡ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ አንዳንድ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ትምህርት ቤት ከፍተው ያስተዳድራሉ፤ በዚህ ጊዜ ቦርዱን የሚሰይመው ባለቤቱ ሰበካ ጉባኤ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ተመራጮች ነን፤ በሁለተኛው ሰያሚዎች ነን። በሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ይገጥመናል፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ሲወሰን፣ የሚያስተምረውና የሚማረው የት ተቀምጠዋል?

ይህ ጥያቄ በከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል የተለየ ክብደት አለው። በሰሚት፣ በአያት፣ በቦሌ ቡልቡላና በቦሌ አራብሳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ተሠርተዋል። ከመሐል ከተማ ከየሰፈሩ ተነሥተው የመጡ ቤተሰቦች እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ልጆቻቸውን በአንድ ግቢ አስገብተዋል። በቀድሞ ሰፈር ወላጅና መምህር በእድር፣ በማኅበርና በደጀ ሰላም ይገናኙ ነበር፤ ቅሬታ ቢኖር ወሬው ወዲያው ይደርስ ነበር። በአዲስ ሰፈር ይህ መንገድ ገና አልተጠረገም። ስለዚህ የቦርዱ ወንበር እዚያ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ያስፈልጋል።

ውክልና ምን ማለት ነው?

ለውክልና ትርጉም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስድስት የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዕለት ምግብ እደላ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶች ተዘነጉ፤ ማጉረምረምም ተነሣ። ሐዋርያት ራሳቸው ሰዎችን ሾመው ጉዳዩን መዝጋት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ጉባኤውን ሰብስበው፣ የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። ሕዝቡ መረጠ፤ ሐዋርያት ጸልየው እጃቸውን ጫኑ። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑ ነው። የተዘነጋው ወገን ችግሩን ከሚያውቁለት ሰዎች ተወከለ ማለት ነው። የዲቁና አገልግሎት መነሻ በሆነው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮች እናገኛለን፦ ተመራጮቹን የመረጠው ጉባኤው ነው፤ ጉዳዩ የሚነካው ወገን በመካከላቸው ነበረ፤ የተሰጣቸውም ሥራ ተለይቶ የታወቀ ነበር።

የራሳችን የአጥቢያ አስተዳደርም በዚሁ መሠረት የቆመ ነው። በ1965 ዓ.ም. የታወጀውና በኋላ የተሻሻለው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሚመረጡ አባላት ያደራጃል። ወጣቱ በሰበካ ጉባኤ የሚቀመጠው በአባቶች ችሮታ ሳይሆን በሕግ ነው። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ለወጣቱ ወንበር የሰጠን እኛ፣ በትምህርት ቤት አስተዳደር ለተማሪው ወንበር መስጠት እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

የሀገራችን ተሞክሮ

መምህራንና ተማሪዎች ሳይጠየቁ የሚዘጋጅ ዕቅድ ምን እንደሚያስከትል ሀገራችን በ1966 ዓ.ም. አይታለች። ቀደም ባሉት ዓመታት የተጠናው «የትምህርት ዘርፍ ግምገማ» (ሴክተር ሪቪው) የትምህርት ሥርዓቱን ከሥር መሠረቱ ለመለወጥ ያለመ ነበር። ከሐሳቦቹ አንዳንዶቹ፣ በተለይ ትምህርትን ለገጠሩ ሕዝብ ማዳረስን የሚመለከቱት፣ በጎ ነበሩ የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ጥናቱ በባለሙያዎች እጅ ቆይቶ ወጣ፤ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ወላጁም የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። መምህራን ኑሯችንን ይነካል፣ ተማሪዎችና ወላጆች የድኻውን ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ያግዳል ብለው ተቃወሙት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። ያ የሥራ ማቆም የዘመኑን ታላቅ ለውጥ ካቀጣጠሉት ክስተቶች አንዱ ሆነ።

በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቶች በሕዝብ የሚመረጡ የአስተዳደር ኮሚቴዎች ተቋቋሙላቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ የትምህርት ተቋማት በውስጥ አስተዳደራቸው ነጻነት እንዲኖራቸው፣ የሚመሯቸውም ቦርዶች ወይም ኮሚቴዎች ከኅብረተሰቡ፣ ከልማትና ከምርምር ተቋማት፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች የተውጣጡ እንዲሆኑ ደነገገ። መምህርና ተማሪ በግልጽ ተጠቅሰዋል።

በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ አሠራሩ ወደ ታች ወረደ። በቀበሌ ደረጃ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ በትምህርት ቤት ደረጃ የወላጅና መምህር ኅብረት (ወመህ) ተቋቋሙ። ፖሊሲው ተማሪን ቢጠቅስም በዚህ ኅብረት ስም ውስጥ ግን ተማሪ አልነበረም። «ተ» የምትለው ፊደል ገብታ ወመህ ወተመህ የተባለው በኋላ ነው። ፊደሏ መግባቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ፊደሏ ስለገባች ብቻ ግን ተማሪው ተሰማ ማለት አይደለም።

የመምህሩ ወንበር

መምህር በቦርድ የሚቀመጠው ስለ ደመወዙ እንዲከራከር ብቻ አይደለም። በክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ እንደሚደርስ፣ የትኛው ልጅ ከምሳ በኋላ እንደሚቀር በየዕለቱ የሚያየው እርሱ ነው። ርእሰ መምህሩም መምህር ነውና እርሱ ካለ ይበቃል የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ርእሰ መምህሩ የአስተዳደሩ አካል ነው፤ ሪፖርት የሚያቀርበውም እርሱ ነው። የሪፖርቱ አቅራቢ የሪፖርቱ መርማሪ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የመምህራን ተወካይ በመምህራን ስብሰባ፣ በምስጢር ድምፅ፣ ርእሰ መምህሩ ሳይጠቁም ሊመረጥ ይገባል።

አጥቢያው በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ መምህሩን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም ሰበካ ጉባኤው ወይም እርሱ የወከለው ቦርድ ነው። በቀጣሪው ፊት ተቀምጦ እውነት መናገር ከባድ ነው። በቦርድ ስለ ተናገረው ቃል ማንም መምህር ውሉ እንደማይቋረጥ በቦርዱ መተዳደሪያ ደንብ ካልተጻፈ፣ ወንበሩ ይኖራል፤ ድምፁ ግን አይኖርም። በአንጻሩ መምህሩም የራሱ ዕድገት ወይም ቅጣት ሲታይ ከስብሰባው ሊወጣ ይገባል።

የተማሪው ወንበር

በተማሪው ውክልና ላይ ከካህናት ወንድሞቻችን የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ ከእርሱ ጋር ያደጉትን ወጣቶች በመስማቱ ንጉሥ ሮብዓም መንግሥቱን አልከፈለምን? ታሪኩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን የሚያስተምረን ሌላ ነው። ሮብዓም የሰማቸው ወጣቶች በቤተ መንግሥት አብረውት ያደጉ ባልንጀሮቹ ነበሩ። ቀንበሩ የከበደባቸው፣ ይቀልልን ብለው የመጡት ግን ሕዝቡ ናቸው። እርሱ ሳይሰማ የቀረው የሽማግሌዎቹን ምክር ብቻ ሳይሆን የሕዝቡንም ጩኸት ነው። ስለዚህ ይህ ታሪክ ወጣት አይሰማ አይልም፤ ቀንበሩን የተሸከመውን ስማ ይላል። በትምህርት ቤት ደግሞ ቀንበሩን የሚሸከመው ተማሪው ነው።

በ1982 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12፣ የራሱን ሐሳብ መግለጽ የሚችል ልጅ በሚነኩት ጉዳዮች ሁሉ እንዲሰማና ለሐሳቡም ከዕድሜውና ከብስለቱ ጋር የተመጣጠነ ክብደት እንዲሰጠው ያዛል። መስማት ማለት ሁሉን መፍቀድ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ አሠራር ይህን ልዩነት በሚገባ ያሳያል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ቤቶች ሕግ 8ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላላቸው ትምህርት ቤቶች በአስተዳደር አካሉ ውስጥ የተማሪዎችን ተወካዮች ያስገባል፤ የወላጆች ቁጥር ግን ድምፅ ካላቸው ከሌሎች አባላት ድምር በአንድ እንዲበልጥ ያደርጋል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ላይ የገንዘብ ግዴታ በሚያመጣ ውል ድምፅ አይሰጥም፤ በሌላው ግን ሙሉ አባል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ቦርድ በእጁ ያለው ገንዘብ ወይ የግቢውን በር ለማደስ፣ ወይ ወደ ልጃገረዶች መጸዳጃ ቤት ውኃ ለማስገባት ብቻ ይበቃል እንበል። በሩን የሚያየው እንግዳው ነው፤ ወላጁም፣ አስተዳዳሪውም በበሩ ይገባሉ። መጸዳጃ ቤቱን የምታውቀው ግን የ7ኛ ክፍሏ ልጅ ናት። በወር አበባዋ ጊዜ ከቤት የምትቀር ከሆነ፣ ምክንያቱን ለወንድ መምህር ወይም ለቄስ አትነግርም፤ ለክፍል ጓደኛዋ ግን ትነግራለች። ጓደኛዋ የቦርዱ አባል ከሆነች ጉዳዩ ሳትጠራት ቦርድ ይደርሳል። እርሷ ከሌለች በሩ ይታደሳል፤ ልጅቱም መቅረቷን ትቀጥላለች። በከተማችን ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በስፋት የሚሰጠውን የተማሪዎች ምገባም ብንወስድ፣ ምግቡ መድረሱንና መብቃቱን በትክክል የሚመሰክረው የሚበላው ልጅ ነው።

የካህኑ ወንበር

የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለሆነም ካህን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ወተመህ ቢመረጥ የሚቀመጠው እንደ ወላጅ ነው። የሙስሊሙንም፣ የፕሮቴስታንቱንም ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ይወክላል። የአጥቢያው ጉዳይ በዚያ አጀንዳ ሊሆን አይገባም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በባህላችን ካህን በተቀመጠበት ሌላው ቀድሞ አይናገርም፤ አባታችን ይባረኩ ብሎ ይጠብቃል። ይህ መልካም ሥርዓት በቦርድ ግን ተማሪውን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ብልህ አባት ስብሰባውን በቡራኬ ከፍቶ ከሁሉ በኋላ ይናገራል፤ ልጁም አስቀድሞ እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል።

ለአሠራር የሚሆኑ ነጥቦች

1. ተማሪዎች ተወካዮቻቸውን ራሳቸው ይምረጡ። ከየክፍሉ ተመርጠው በሚሰበሰቡ ተማሪዎች አማካይነት አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ቢወከሉ ይመረጣል። አንድ ተማሪ ብቻውን በትልልቅ ሰዎች መካከል መናገር ይከብደዋል። ውጤቱ ከፍ ያለውን ተማሪ ርእሰ መምህሩ መርጦ ማምጣቱ ሽልማት እንጂ ውክልና አይደለም።

2. አጀንዳው ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይድረሳቸው፤ ወካዮቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ። ከስብሰባው በኋላም ለክፍሎች የሚናገሩበት ጊዜ ይሰጣቸው።

3. ስብሰባው ተማሪ በማይቀርበት ሰዓት ይሁን። የትምህርት ክፍለ ጊዜ እያቋረጠ የሚሰበሰብ ተማሪ ለወካዮቹ ሲል ራሱ ይጎዳል።

4. የአንድ ተማሪ ወይም የአንድ መምህር የዲሲፕሊን ጉዳይ ሲታይ የተማሪ ተወካዮች አይገኙ። ይህ ከቦርዱ መውጣት አይደለም፤ የሰውን ገመና መጠበቅ ነው።

5. ቃለ ጉባኤው ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን የመምህሩንና የተማሪውን ሐሳብ ይመዝግብ። ሐሳባቸው ውድቅ ቢሆን ምክንያቱ ይጻፍ። ያልተመዘገበ ሐሳብ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

6. ቦርዱ የሚጠራው መዋጮ ሲፈለግ ብቻ አይሁን። ገንዘብ ለመጠየቅ ብቻ የሚሰበሰብ ኅብረት ወላጁን ያሸሻል፤ ተማሪውንም አጨብጫቢ ያደርገዋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ይህን ትምህርት በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ለምታጠኑ እነዚህን ጥያቄዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፦ አጥቢያችን የሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ካለ፣ በቦርዱ የመምህራንና የተማሪዎች ተወካይ አለን? ማን መረጣቸው?

ሁለተኛ፦ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ በተማሪ ወይም በመምህር ሐሳብ የተለወጠ ውሳኔ አለን?

ሦስተኛ፦ በሰበካ ጉባኤያችን የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካዮች በእውነት ይናገራሉን? በቤታችን ያላደረግነውን ከትምህርት ቤት መጠየቅ እንችላለን?

አራተኛ፦ በአካባቢያችን የመንግሥት ትምህርት ቤት የተመረጡ አባሎቻችን የሌላ እምነት ወላጆችን ጉዳይ በእኩል ዓይን እያዩ መሆናቸውን በምን እናውቃለን?

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። መልሱ ከመዝገቡ እንጂ ከትዝታ አይፈለግም። ሦስቱን ቃለ ጉባኤ አውጥታችሁ በጋራ ብታነቡ፣ ቦርዳችሁ ወንበር ብቻ የሰጠ ይሁን ወይም ጆሮም የሰጠ፣ ከማንም ምስክር ሳትፈልጉ ታውቁታላችሁ። ጉድለቱም ከታየ፣ ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ምርጫ አስቀድሞ ደንቡን ማስተካከል የሰበካ ጉባኤው የመጀመሪያ ሥራ ይሆናል።