ከባንክ ወደ ጥቁር ሰሌዳ

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ እሠራለሁ። ለሁለት ዓመት የማስተማር ፌሎሺፕ ብገባ ሙያዬ ወደ ኋላ አይቀርም?

መልስ፦ አይቀርም ባይ ነኝ። በቲች ፎር ናይጄሪያ፣ ለምሳሌ፣ ተመራቂዎችና ወጣት ባለሙያዎች ሠልጥነው አቅም ባነሳቸው ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓመት ያስተምራሉ። ሐሳቡ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍለ ሀገር ወጥተው አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት።

በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንድ እንጀራ ቆራርሶ ክፍልፋይን ያስረዳ ሰው፣ ለአለቆቹ ሪፖርት ማቅረብ አይከብደውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ መንፈቁ ሳያልቅ ጥሎ መሄድ። ጉዳቱ በልጆቹ ላይ ነው። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት የቤት ኪራዩንና ለቤተሰብ የሚልኩትን አስልተው፣ የፌሎሺፑ አበል ይበቃዎት እንደሆነ ይዩ። የሚመደቡበትን አካባቢ ቋንቋ ካልቻሉ ደግሞ ከአሁኑ መማር ይጀምሩ።