ከሰፈር አሸናፊነት በኋላ

የሰፈር ፒንግፖንግ አንድ ጽኑ ሕግ አለው፤ ተሸናፊ ይወጣል። መሳለሚያም ሆነ ሌላ የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ራኬቱን ይዞ ማንም ሳያስነሳው የሚያመሽ ልጅ አይጠፋም። እጁም ዓይኑም ፈጣን ነው። ይህ ልጅ ከአገር ወጥቶ ቢጫወት ግን በመጀመሪያው ዙር የመሰናበት ዕድሉ ሰፊ ነው። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አይመስለኝም። ሰፈር የሚያጨበጭብለትና ዓለም አቀፍ ውድድር ነጥብ የሚሰጥበት ነገር አንድ አይደለም።

ሰርቭን እንውሰድ። በሰፈር ኳሷን ከጣት ላይ ነጥቆ መምታት ወይም በክንድ ከልሎ መላክ ብልጠት ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ ኳሷ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ትወረወራለች፤ ከተቀባዩ ዓይንም አትሰወርም። ይህን በግልጽ የጣሰ ነጥቡን ለተጋጣሚው ይሰጣል። እያንዳንዱ ጨዋታ በ11 ነጥብ ስለሚያልቅ፣ በሰርቭ ብቻ ሦስት ነጥብ የጣለ ልጅ ገና ሳይሞቀው ጨዋታው ያልቃል።

ሁለተኛው ጣጣ ስፒን ነው። ላስቲኩ ያለቀ ራኬት ኳስ አይዝም፣ ስለዚህም አያሽከረክርም። ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ስለምትመዝን ደግሞ ደጅ ላይ ትንሽ ንፋስ ይወስዳታል። በዚህ መሃል ያደገ ልጅ ቀጥ አድርጎ መምታትን ይለምዳል። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ግን ኳስ እየተሽከረከረች ትመጣለች፤ እንደለመደው ቀጥ አድርጎ ሲመልሳት ወይ ከጠረጴዛው ታልፋለች ወይ መረብ ላይ ትቀራለች። ጥሩ ላስቲክ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከአዲስ ጫማና ከማልያ በፊት የሚገዛው እሱ ነው።

ብዙም ሲነሳ የማልሰማው የከፍታ ጉዳይ አለ። ለሯጮቻችን ከፍታ ስንቅ ነው፤ ለፒንግፖንግ ተጫዋች ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። በስስ አየር ኳስ ብዙ አትታገድም፣ ስፒኗም መንገዷን እምብዛም አያጎብጠውም። ሌጎስ ወይም ካይሮ ላይ ያው ምት ዘግየት ብሎ ይደርሳል፣ የበለጠም ይጎብጣል። እዚህ ልኩን ያገኘ እጅ እዚያ ይስታል። ስለዚህ ከውድድሩ ጥቂት ቀናት ቀድሞ መድረስ ቅንጦት አይደለም፤ የጉዞ በጀት የሚይዙ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ወደ መድረኩ የሚያስገባው በርም አንድ ነው። ማንም ተነስቶ ራሱን ለአፍሪካ ወይም ለዓለም ሻምፒዮና አያስመዘግብም፤ የሚያስመዘግበው የአገሩ ፌዴሬሽን ነው። ፌዴሬሽን ደግሞ የሚያየው በክለብ ታቅፎ በይፋ ውድድር የተጫወተን እንጂ በሰፈር ዝና የተወራለትን አይደለም። ዕድሜም አይጠብቅም። የታዳጊዎች ዓለም አቀፍ ውድድር ከ11 ዓመት በታች ይጀምርና በ13፣ በ15፣ በ17 እያለ እስከ 19 ይዘልቃል። ወላጅ «መጀመሪያ ትምህርቱን ይጨርስ» እያለ ሲያዘገይ እነዚህ ምድቦች አንድ በአንድ ያልፉታል። የሶሪያዋ ሄንድ ዛዛ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ስትሰለፍ 12 ዓመቷ ነበር፤ ያውም ከጦርነት አገር ወጥታ።

«ይህ የቻይኖች ስፖርት ነው» የሚል ካለ ናይጄሪያዊውን ቃድሪ አሩናን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ጀርመናዊውን ቲሞ ቦልን ጥሎ ሩብ ፍጻሜ ገባ፤ ያቆመው የቻይናው ማ ሎንግ ነው። አሩና በፖርቹጋል ሊግ ለዓመታት ተጫውቷል። እኔ ከታሪኩ የማነሳው ይህንን ነው፦ የማያውቀውን ተጋጣሚ ፍለጋ ከቤቱ ወጣ። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁሌ እነዚያኑ ሦስት ጓደኞች የሚያሸንፍ ልጅ የሚማረው የሦስቱን ድክመት ብቻ ነው።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮና እዚሁ አዲስ አበባ ተካሂዷል። የአህጉሩን ምርጦች ለማየት የመሳለሚያ ልጅ ፓስፖርት አላስፈለገውም ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከስማሹ ይልቅ ሰርቩንና የእግር አጣጣሉን እንዲያይ ንገሩት። እስከዚያው በዚህ ክረምት አንድ ክለብ ፈልጋችሁ አስመዝግቡት።